ከጋሪው በፊት ካይቱ

ካይት ባጊ መንዳት ያማረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጋሪው ነው። ስንት ይፈጥናል? ይገለበጣል ወይ? ጎማው ሰፊ ይሁን ጠባብ? አይፈረድበትም፤ ዓይን የሚያርፈው ጋሪው ላይ ነው። አንድ ሰው ከመሬት ጥቂት ከፍ ባለ የጨርቅ መቀመጫ ላይ ጋለል ብሎ፣ ሁለት እግሮቹን ወደ ፊት ጎማ ዘርግቶ፣ ሞተር በሌለው ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ እርጥቡን የባሕር ዳርቻ አሸዋ እየቀደደ ሲያልፍ ለሚመለከት፣ ከፊቱ ሃያና ሃያ አምስት ሜትር ርቆ አየር ላይ የሚንሳፈፈው ጨርቅ፣ ካይቱ፣ ጌጥ ሊመስለው ይችላል። ሥራው ሁሉ ያለው ግን እዚያ ነው።

ይህን ስፖርት ለጀማሪ የሚያስተምሩ ሰዎች በብዙ ጉዳይ አይስማሙም። የመጀመሪያው ካይት ባለ ሁለት ገመድ ይሁን ባለ አራት፣ ምን ያህል ስፋት ይኑረው፣ ጋሪው ላይ ከመቀመጥ በፊት ምን ያህል ጊዜ በእግር ይለማመዱ፣ ያለ አሠልጣኝ መማር ይቻላል ወይ፤ በእያንዳንዱ ላይ ሁለትና ሦስት ወገን አለ። ክርክሮቹን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ግን የአብዛኞቹ መፍቻ አንድ ቦታ ይገኛል። ጋሪውን መምራት በግማሽ ቀን ይለመዳል፤ ጊዜ የሚበላው ካይቱ ነው፤ ከካይቱም ትምህርት ዋናው ጉልበት ማግኘት ሳይሆን የመጣውን ጉልበት መጣል ነው።

የስፖርቱ ታሪክም ለዚህ ምስክር ነው። የብሪስቶል ከተማ መምህር የነበረው እንግሊዛዊው ጆርጅ ፖኮክ በካይት የሚጎተት ሠረገላ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1826 የፈጠራ መብቱን አስመዝግቧል። «ሻርቮላን» የተባለው ይህ ሠረገላ ሰዎችን ጭኖ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ ነበር። በዘመኑ የመንገድ ቀረጥ የሚከፈለው በፈረስ ቁጥር ስለነበር፣ ኬላ ጠባቂዎቹ ፈረስ ከሌለው ሠረገላ የሚያስከፍሉት አጥተው በነፃ ያሳልፉት እንደነበር ይነገራል። ፖኮክ ደፋር ሰው ነው፤ ከዚያ ቀደም ብሎ የገዛ ልጁን ማርታን ወንበር ላይ አስቀምጦ በካይት ከ80 ሜትር በላይ ወደ ሰማይ አውጥቷታል። ልጅቱ በሰላም ወርዳለች፤ ዛሬ ይህን የሚያደርግ አባት ግን ከፖሊስ ጋር መነጋገሩ አይቀርም። ሠረገላው መሪ ነበረው፤ ወደ መንገዱ ተጭኖ የሚያቆም የብረት ዘንግም ፍሬን ሆኖ ያገለግለው ነበር።

ያም ሆኖ ፈጠራው የሰው መገረሚያ ከመሆን አላለፈም። ጋሪ በእንግሊዝ ሞልቶ ነበር፤ የጠፋው በተፈለገ ጊዜ ጉልበት የሚሰጥ፣ በተፈለገ ጊዜ ደግሞ ጉልበቱን የሚለቅ ካይት ነው። እሱ ተሟልቶ እስኪመጣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ዶሚና ጃልበርት እንጨትም ብረትም የሌለው፣ ከሁለት ንብርብር ጨርቅ የተሰፋ፣ ከፊት ባለው ክፍተት ነፋስ ሲገባበት ተነፍቶ የክንፍ ቅርጽ የሚይዝ ካይት ፈለሰፈ። በ1970ዎቹ በሁለት ገመድ የሚመሩ ካይቶች በእንግሊዝ ገበያ ታዩ። ቀጥሎም ቀጭን ሆኖ የሰው ክብደት የሚችል፣ ዳይኒማ የሚባል ሰው ሠራሽ ክር ለገመድነት ዋለ። በኒውዚላንድ አሽበርተን ከተማ ካይት የሚሠራው ፒተር ሊን ዛሬ የምናውቀውን ባጊ የሠራው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። እንደ ባጃጅ አንድ ጎማ ከፊት ሁለት ከኋላ፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራ አካል፣ የጨርቅ መቀመጫ፣ ከፊት ጎማው ግራና ቀኝ የእግር መርገጫ። እጅ ለካይቱ ነፃ እንዲሆን መሪው ለእግር ተሰጠ። ፍሬን የለውም። ከዚያ ወዲህ ጋሪው ሰፍቷል፣ ከብዷል፣ ጎማው ተልቋል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ጀማሪው ታዲያ ከምን ይነሣ? ሁሉም ወገን የሚስማማበት መነሻ «የነፋስ መስኮት» የሚባለው ነው። ሰው ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ሲቆም ካይቱ ሊበር የሚችለው ከፊቱ ባለው ሰማይ ላይ ብቻ ነው። የዚህ ሰማይ ጠርዝ ከግራው መሬት ተነሥቶ፣ በአናቱ አልፎ፣ ቀኙ ላይ የሚያርፍ ግማሽ ክብ ነው። አሠልጣኞች ቦታውን በሰዓት ፊት ይጠሩታል፤ አናቱ 12፣ ግራው 9፣ ቀኙ 3። ካይቱ ጠርዙ ላይ ሲሆን ጉተታው ትንሽ ነው። ከጠርዙ ለቆ ወደ መሐል፣ ማለትም በቀጥታ ወደ ሰውየው ፊት ለፊት ሲወርድ፣ ጉተታው ባንዴ ይበረታል። አንደኛ፣ መሐል ላይ ጨርቁ ነፋሱን በሙሉ ደረቱ ይቀበላል። ሁለተኛ፣ ካይቱ ራሱ ስለሚሮጥ በሩጫው የሚያገኘው ነፋስ በተፈጥሮው ነፋስ ላይ ይደመራል። ስለዚህ ጠርዝ ላይ ቆሞ የሚንሳፈፍ ካይት ልጅ የሚይዘው ይመስላል፤ ያው ካይት መሐሉን አቋርጦ ሲወረወር ግን ጎልማሳን ከቆመበት ነቅሎ ይጎትታል።

ከዚህ ጋር አንድ ስሌት አለ፤ ብዙ ጀማሪ ሰምቶት ያልፋል እንጂ ልብ አይለውም። የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። ነፋሱ በሰዓት ከ15 ወደ 30 ኪሎ ሜትር ቢጨምር ጉተታው አራት እጥፍ ይሆናል። ከ20 ወደ 28 ቢወጣ፣ ፊት ላይ እምብዛም የማይታወቀው ይህ ለውጥ ጉተታውን እጥፍ ሊያደርሰው ምንም አይቀረው። ሰው በቆዳው የሚለካው ነፋስ አታላይ ነው፤ በፀሐያማ ቀንማ ይብሳል። ኪስ የሚገባ የነፋስ መለኪያ ለጀማሪ ቅንጦት አይደለም፤ ከአሸብራቂው መነጽርና ከቄንጠኛው ጓንት በፊት እሱ ቢገዛ እመርጣለሁ። አማካዩ ብቻም አይበቃም፤ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ነፋስ መካከል ያለው ልዩነት የበለጠ ይናገራል። ከ18 እስከ 22 የሚዋልል ነፋስ ደግ መምህር ነው። ከ10 እስከ 30 የሚዘለው ግን አማካዩ ያው 20 ሆኖ ሳለ አንዴ ካይቱን መሬት ይጥላል፣ አንዴ ሰውየውን ያነሣል። የአየሩ ውፍረትም ከስሌቱ ይገባል፤ እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ስፍራ ያው ካይት በዚያው ነፋስ፣ ባሕር ዳር ከሚኖረው ጉልበት አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል።

ወደ ካይቱ ምርጫ ሲመጣ ክርክሩ ይጦፋል።

አንደኛው ወገን ባለ ሁለት ገመድ ትንሽ ካይት ይበቃል ይላል። ቀኙን ሲስቡ ወደ ቀኝ፣ ግራውን ሲስቡ ወደ ግራ፤ ከዚህ የቀለለ የለም። እውነት ነው፣ የመስኮቱን ቅርጽ በእጅ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ችግሩ የሚመጣው ጋሪው ላይ ነው። ባለ ሁለት ገመድ ካይት በአፍጢሙ ሲወድቅ ካይቱ ድረስ ተሂዶ መገልበጥ አለበት፤ ጀማሪ ደግሞ ካይቱን ደጋግሞ ይጥላል። ከጋሪ እየተነሡ፣ ሃያ አምስት ሜትር እየተመላለሱ፣ በዚህ መሐል ገመዱ እየተወሳሰበ የሚውል ሰው የደከመበትን ነገር ትምህርት ብሎ ለመጥራት ይቸገራል።

ሁለተኛው ወገን በተቃራኒው ጀማሪውን በቀጥታ ወደ ዘመናዊው ካይት ይወስዳል፤ በእጅ የሚያዘውን የመቆጣጠሪያ ባር ገፋ ሲያደርጉ የካይቱ አንግል ተቀይሮ ጉልበቱ የሚቀንስለት፣ ወገብ ላይ ከሚታጠቅ ሃርነስ ጋር የሚያያዘው ዓይነት። ባሕር ላይ በሰሌዳ ለመንሳፈፍ የሚያስቡ ሰዎች ይህን ይወዳሉ። ጉልበት መቀነስ ይቻላል ከተባለ ለጀማሪ የሚሻለው ይህ አይደለም ወይ? ይመስላል። ነገር ግን እነዚህ ካይቶች በአብዛኛው ትልልቆች ናቸው፤ ከሰውነት ጋር የተያያዙ ስለሆኑም አንድ ነገር ሲበላሽ ማላቀቂያውን ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል። የደነገጠ ጀማሪ ሆዱ ላይ ያለውን ማላቀቂያ ያገኛል ብሎ መተማመን ለእኔ ድፍረት ነው።

ሦስተኛው ወገን፣ ልቤ የሚያደላለት፣ በሁለት እጀታ የሚያዝ ባለ አራት ገመድ ካይት ያቀርባል። ከእያንዳንዱ እጀታ ላይኛ ጫፍ የሚነሣው ገመድ ጉልበቱን ይሸከማል፤ ከታችኛው ጫፍ የሚነሣው የፍሬን ገመድ ነው። የታችኛው ሲሳብ የካይቱ የኋላ ጠርዝ ታጥፎ ክንፍነቱን ያጣል፤ ካይቱ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ቀስ ብሎ ይወርዳል። በአፍጢሙ የወደቀ ካይትም በእነዚሁ ገመዶች ወደ ኋላ ተነሥቶ፣ በአየር ላይ ዞሮ እንደገና ይበራል፤ ይህን ሁሉ ከጋሪው ሳይወርዱ። ጉተታው ከነጂው ወገብ ጋር አልተያያዘም፤ ጉልበቱን የያዘው በጣቶቹ ብቻ ነው። ለእኔ ክርክሩን የሚዘጋው ይህ ነው።

ስለ ስፋቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። መካከለኛ ክብደት ላለው ጎልማሳ 3 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ነፋሱ በሰዓት ከ15 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ሲሆን። ሱቅ ውስጥ ግን ሌላ ሐሳብ ይመጣል። ጀማሪው 3 ሜትሩን አይቶ ያንስብኛል ይላል፤ «ካደግሁ በኋላ ሌላ ከምገዛ አሁኑኑ 5 ወይም 6 ልግዛ»። በልብስና በጫማ የሚሠራው ብልሃት እዚህ አይሠራም። ነባሮቹ ሦስትና አራት ካይት በቦርሳቸው ይዘው የሚዞሩት ገንዘብ ስለተረፋቸው ሳይሆን፣ አንድ ካይት የሚያገለግለው የነፋስ እርከን ጠባብ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሰው ድንገት ሲጎተት የያዘውን ነገር ያጠብቃል። ከሕፃንነት ጀምሮ የተፈጠረብን ነው፤ ለመውደቅ የቀረበ እጅ ይጨብጣል። ካይት የሚጠይቀው ግን ተቃራኒውን ነው። በባለ አራት ገመድ ካይት ላይ ከፍሬን ገመዶቹ ጋር ተያይዞ በሁለቱ የእጅ አንጓዎች ላይ የሚታሰር የደኅንነት ማሰሪያ አለ። ነጂው ሁለቱን እጀታዎች ሲለቅ የጉልበት ገመዶቹ ይላላሉ፣ ካይቱ በፍሬን ገመዶቹ ብቻ ይንጠለጠላል፣ ወዲያው እንደ ተራ ጨርቅ እየተርገበገበ መሬት ይወድቃል። መሣሪያው ቀላልና አስተማማኝ ነው፤ የሚጎድለው የሰውየው ፈቃድ ብቻ ነው። እጁን ለማይፈታ ሰው ማሰሪያው ጌጥ ነው።

ስለዚህ መልቀቅ እንደ አደጋ ጊዜ መፍትሔ ተነግሮ የሚታለፍ ሳይሆን በቀላል ነፋስ ሆን ተብሎ የሚደገም ልምምድ መሆን አለበት። ካይቱ አናት ላይ ሳለ መልቀቅ፣ ጠርዝ ላይ ሳለ መልቀቅ፣ ከዚያም መሐል ላይ እየጎተተ ሳለ መልቀቅ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን በቀላሉ ያደርገዋል፤ ሦስተኛው ላይ ጣቶቹ እንቢ ይሉታል። እንቢ የሚሉ ጣቶች ያሉት ሰው ገና ጋሪ ላይ አይቀመጥም። አንዳንዶች ይህን ማጥበቅ ነው ይላሉ፤ ካይቱ ትንሽ እስከሆነ ድረስ ሰውየው ተጎትቶ ቢወድቅም አሸዋ ነው ይላሉ። ሰው ባለበት ዳርቻ ግን ጉዳቱ በወደቀው ሰው ላይ ብቻ አይቆምም። የተወጠረ የዳይኒማ ገመድ ቀጭን ስለሆነ ቆዳ ይቆርጣል፤ ካይቱን ያልተቆጣጠረ ሰው በሃያ አምስት ሜትር ውስጥ ያለውን ሁሉ በአራት ቢላ እየጠረገ ነው። የራስንም ገመድ ቢሆን ጓንት አጥልቄያለሁ ብሎ በእጅ መጨበጥ ክልክል ነው።

ከመልቀቅ ቀጥሎ ዓይንን ከካይቱ ላይ ማንሣት ይለመዳል። ጀማሪ ሁልጊዜ ሽቅብ ያያል፤ ጋሪ የሚነዳ ሰው ግን መንገዱን ማየት አለበት። ካይቱ የት እንዳለ በእጅ ላይ ካለው ጉተታ እስኪታወቅ ድረስ በእግር እየሄዱ ማብረር፣ ቀጥሎ አሸዋ ላይ እግር ዘርግቶ ተቀምጦ ማብረር፣ ከዚያ በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ሄልሜት ማስተካከል። ተቀምጦ ማብረር ቀላል ይመስላል፤ ሰው ተቀምጦ እያለ ካይቱን ዝቅ ሲያደርገው መቀመጫው አሸዋውን እያረሰ ሲሄድ ነው ጋሪው ላይ የሚጠብቀው ጉልበት የሚገባው። ይህ ሁሉ ስንት ቀን ይፈጃል ለሚለው ቁጥር የሚሰጡ አሉ፤ እኔ አልሰጥም። ካይቱን እያበረሩ ከጎን ካለ ሰው ጋር ወግ ማውራት የተቻለ ቀን ይበቃል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት ሃርነስ ሳያውቅ የተነገረ ቢሆንም ለዚህ ስፖርት በልኩ የተሰፋ ነው።

ጋሪው ላይ ያለው ትምህርት አጭር ነው። ጋሪው ነፋሱን በጎኑ እንዲያገኝ ተደርጎ ይቀመጣል፤ ካይቱ 12 ላይ ይቆማል፤ ነጂው ካይቱን ሳያወዛውዝ ይቀመጣል። ቀጥሎ ሁለቱም እግር መርገጫው ላይ፤ ካይቱ ወደሚሄዱበት ወገን ዝቅ ይደረጋል፣ ጋሪው ጥቂት ወደ ነፋሱ መሄጃ ታጥፎ ይነሣል፣ ፍጥነት ሲይዝ ወደ ጎን ይመለሳል። ካይቱ ከአናት ይልቅ በመስኮቱ ጠርዝ፣ በመሬትና በአናት መካከል ይያዛል፤ ጉተታው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ፊት እንዲሆን። ጋሪው በፈጠነ ቁጥር ነጂው የሚያገኘው ነፋስም ይጨምራል፤ ጀማሪው ምንም ሳያደርግ ፍጥነቱ የሚያድግበት ምስጢር ይህ ነው። አሜሪካ ውስጥ በደረቅ ሐይቅ ላይ በሰዓት ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ የነዱ አሉ፤ ከመሬት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ለተቀመጠ ጀማሪ ግን 20 ኪሎ ሜትር ራሱ አይን ያፈጥጣል።

መዞር ላይ ምክሮች እንደገና ይለያያሉ። ወደ ነፋሱ መምጫ መዞር ፍጥነትን ይገድላል፤ ጋሪው መሐል መንገድ ላይ ይቆማል። ወደ ነፋሱ መሄጃ መዞር ፍጥነትን ይይዛል፤ ነገር ግን ጋሪው ወደ ካይቱ ስለሚቀርብ ገመዱ ይላላል፣ የላላ ካይት ደግሞ ይወድቃል፤ ወይም ይብሱን ተመልሶ ሲወጠር ነጂውን ነጥቆ ያነሣል። መፍትሔው ካይቱን ከጋሪው ቀድሞ ማዞር ነው፤ ካይቱ በአናት አልፎ ወደ አዲሱ ወገን ሲያመራ ጋሪው ይከተለዋል። ሁለቱንም መዞሪያ ባንድ ቀን ለማስተማር የሚሞክሩ አሉ። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ለመቆም፣ ሁለተኛውን ለመቀጠል ብዬ እለያቸዋለሁ፤ ቆሞ መጀመር የማይሰለቸው ጀማሪ ለጊዜው ሁለተኛው ባይኖረውም ይኖራል።

ፍሬን በሌለው ጋሪ መቆም ማለት ወደ ነፋሱ መምጫ ታጥፎ ጉልበቱን ማሟጠጥ ነው። እዚህ ላይ ለጀማሪ የሚነገር አንድ ጎደሎ ምክር አለ፦ «ስትፈራ ካይቱን ወደ አናትህ አውጣው»። ቆሞ ላለ ሰው ጥሩ ነው። በፍጥነት እየሄደ ላለ ግን ወደ አናት የተወረወረ ካይት ጉተታውን ሽቅብ ያደርገዋል፣ ነጂው ከመቀመጫው ይነቀላል። ስለዚህ በፍጥነት ላይ ያለ ሰው ካይቱን ዝቅ አድርጎ ጠርዙ ላይ ይይዛል፣ በጋሪው ወደ ነፋሱ መምጫ ይታጠፋል፣ ፍጥነቱ ሲሞት ብቻ ካይቱን ያነሣል። ሌላው እስከ መጨረሻው የማይታለፈው ሕግ እግር ነው። ጋሪው ሲንገዳገድ ለመደገፍ እግርን ማውረድ ከብስክሌት የቀረ ልማድ ነው፤ በባጊ ላይ ግን የወረደው እግር መሬት ይይዛል፣ ጋሪው በላዩ ይሄዳል፣ ቁርጭምጭሚት ይሰበራል። ቢገለበጥም እግር ከመርገጫው አይወርድም። ሄልሜትማ አያከራክርም።

የትምህርቱ ግማሽ ሜዳው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛፍና ቤት ያለበት ነፋስ ይሰባበራል፤ ከከለላው ቁመት ብዙ እጥፍ ርቀት ድረስ አየሩ የተረበሸ ነው። የሰሜን ባሕር ዳርቻዎች የዚህ ስፖርት መናኸሪያ የሆኑት ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ሳይቆራረጥ ስለሚደርስ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ደግሞ ሰፊና ጠጣር አሸዋ ትቶ ስለሚሄድ ነው። በጀርመን ሳንክት ፔተር ኦርዲንግ፣ በዴንማርክ ሮሞና ፋኖ ደሴቶች፣ በኔዘርላንድስ ብራውወርስዳም የተባለው ግድብ አጠገብ ያለው ዳርቻ በየጊዜው ካይት የማይጠፋባቸው ናቸው። ለጀማሪ የሚመቸው ነፋሱ ከባሕሩ ወደ የብስ በቀጥታ የሚነፍስበት ቀን ነው፤ ዳርቻውን ተከትሎ በሁለቱም አቅጣጫ ነፋሱን በጎን እያገኘ ይመላለሳል። ነፋሱ ዳርቻውን ተከትሎ የሚነፍስ ከሆነ ግን መሄዱ ቀላል፣ መመለሱ ግን እየተጠማዘዙ ወደ ነፋሱ መምጫ መውጣት ይሆናል፤ ያን ገና ያልቻለ ሰው ጋሪውን እየጎተተ በእግሩ ይመለሳል። የባሕሩ መመለሻ ሰዓት አስቀድሞ ይታያል፤ እርጥብ ሆኖ ጠጣር የመሰለው መሬትም ጭቃ ሊሆን ይችላል። የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ አውራ ጎዳና ወይም የአውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ካይት አይወጣም፤ የነጎድጓድ ደመና በታየበት ቀን ደግሞ የትም ቢሆን አይወጣም።

በአሜሪካ ታዋቂው ሜዳ ባሕር የለውም። በካሊፎርኒያና በኔቫዳ ድንበር ላይ ያለው የኢቫንፓ ደረቅ ሐይቅ ጠፍጣፋና ጠጣር የሸክላ አፈር ነው፤ ለሞተር ተሽከርካሪ መጫወቻነት ዝግ ስለሆነ ለነፋስ ጋሪዎች ተርፏል፤ በጸደይ ወራት የሰሜን አሜሪካ ባጊ ነጂዎች ይሰባሰቡበታል። ብዙ የአገራችን ሰው ከሚኖርባት ላስ ቬጋስ በመኪና አንድ ሰዓት አይፈጅም። ሰፊነቱ ለጀማሪ ምቹ ነው፤ ሙቀቱ ከበረታ በኋላ የሚነሣው የአቧራ አዙሪት ግን ምቹ አይደለም። መሬት ላይ ተዘርግቶ የተተወ ካይት አዙሪቱ ሲያልፍበት ባለቤቱ ሳይኖር ይነሣል፤ ስለዚህ ያልያዙት ካይት ሁልጊዜ በአሸዋ ከረጢት ይጫናል ወይም ይጠቀለላል። መሬቱ ጠጣር ስለሆነ መውደቁም እንደ ባሕር ዳር አሸዋ ለስላሳ አይደለም።

ብቻ መማር ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ የመጀመሪያዎቹ የ1990ዎቹ ነጂዎች አብዛኞቹ እንዲያ ነው የተማሩት። እነሱ ግን ባዶ ዳርቻና ትንንሽ ካይት ነበራቸው። ዛሬ በብዙ ቦታ ምርጫው የጀማሪው ብቻ አይደለም፤ በሳንክት ፔተር ኦርዲንግ በተከለለው ሜዳ ለመንዳት የብቃት ፈቃድና የጉዳት ኢንሹራንስ ይጠየቃል፤ በብሪታንያም በየዳርቻው ያሉ ክለቦች ለአባላቸው ኢንሹራንስ ያቀርባሉ። ከክለብ የሚገኘው ትርፍ ከወረቀቱ ይበልጣል። ሁለት ነጂዎች ሲተላለፉ በነፋሱ መምጫ በኩል ያለው ካይቱን ከፍ፣ በመሄጃው በኩል ያለው ዝቅ ማድረጉን በቃል የሰማ ሰው ይረሳዋል፤ በሜዳው አብሮ የዋለ ይለምደዋል። ደግሞም «ዛሬ ነፋሱ ላንተ አይደለም፣ ጠቅልል» የሚል ጨካኝ ነባር ከሌለ፣ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ነድቶ የመጣ ጀማሪ ለራሱ እንዲህ አይልም።

የቀረው ዕቃው ነው። አዲሱ ውድ ስለሆነ አብዛኛው ጀማሪ ያገለገለ ይገዛል፤ ክፋትም የለውም። ጋሪው ላይ የሚታየው ብየዳው፣ ብሎኖቹና ኩሽኔታው ነው፤ ጨውና አሸዋ የገባበት ኩሽኔታ ጎማውን በእጅ ሲያዞሩት ይንቋቋል፤ መቀየሩም ከባድ አይደለም። ካይቱ ላይ ጨርቁን አፍ ላይ ወጥሮ እፍ ማለት ነው፤ ትንፋሽ ካለፈ ጨርቁ አርጅቷል፣ አየር አይዝም። ገመዶቹ ደግሞ አራቱም ጫፋቸው አንድ ላይ ታስሮ፣ ተስበው ይለካሉ። የጉልበት ገመዶች በሥራ ብዛት ይለጠጣሉ፤ አንዱ ከጓደኛው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ከረዘመ ካይቱ ሳያቋርጥ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፤ ለመማር የመጣው ሰው ደግሞ ጥፋቱ የእጁ መስሎት ቀኑን ሙሉ እጁን ሲያርም ይውላል።